«ይሄ ጓንት አይቆረጥም» ሲሏችሁ

ላሜራ ከሚቆርጥ፣ መስታወት ከሚገጥም ወይም ቆሻሻ ከሚለይ ሰው ጋር ስለ ጓንት ካወራችሁ ሁለት መልስ ነው የምትሰሙት። አንዱ «ሥራ ያስፈታል» ይላል። ሌላው «ብቻ ወፍራም ይሁን» ይላል። ሻጩ ደግሞ ለሁለቱም ያንኑ ጓንት አውጥቶ «ይሄን ምንም አይቆርጠውም» ይላቸዋል። እኔ ግን ምኑ ነው የማይቆርጠው እላለሁ። ጓንት የሚነደፈው ለተለየ አደጋ ነው፤ ሌላ አደጋ ሲመጣበት ያው ተራ ጨርቅ ነው። ከታች በየርዕሱ በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ብዙ ጊዜ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው።

«ወፍራም ከሆነ ይከላከላል»

ዋናው ክሩ ነው። ኬሚስቷ ስቴፋኒ ክዎሌክ በ1965 እ.ኤ.አ. በኬሚካል ኩባንያው ዱፖንት ውስጥ ስትሠራ ኬቭላር ለተባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር መንገድ የከፈተውን ግኝት ካገኘች ወዲህ የጓንት ነገር ተለውጧል። ዛሬ ኬቭላርና ዘመዶቹ አሉ፣ አራሚድ ይባላሉ። እጅግ ጠንካራ የፖሊኢትሊን ክርም አለ፣ ከነዚህ ጋር የሚገመድ ቀጭን የብረት ሽቦ ወይም የመስታወት ክርም አለ። ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው። አራሚዱ በቀላሉ አይበጠስም፣ ፖሊኢትሊኑ አንሸራታች ስለሆነ ምላጩ አይነክሰውም፣ ሽቦውና መስታወቱ ደግሞ ስለቱን ያደነዝዙታል። እንደ ሹራብ መሠራቱም በከንቱ አይደለም። ክሩ ላላ ስለሚል ስለት ሲያርፍበት ይንከባለላል እንጂ ተወጥሮ አይጠብቀውም።

ጌጅ የሚባለው ቁጥርም ብዙ ሰው ያሳስታል። የሹራብ ማሽኑ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት መርፌ እንዳለው ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ 18 ጌጅ ከ7 ጌጅ የሳሳ ነው። ሽቦ የገባበት ስስ ባለ 18 ጌጅ ጓንት ወፍራም ከሆነ የጥጥ ጓንት በጣም የበለጠ ስለት ሊቋቋም ይችላል፣ በዚያ ላይ ትንሽ ብሎን ከመሬት ያስነሳል። ሥራ ያስፈታል የሚሉትም ይህን ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

«ቆዳን የሚያህል የለም»

የኢትዮጵያ የበግ ቆዳ ስስም ጠንካራም ስለሆነ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው፣ የጎልፍ ጓንት ሳይቀር ይሠራበታል። ግን ስለት ላይ ቆዳ ደካማ ነው። ለብየዳ ፍንጣሪና ለሻካራ ብሎኬት ሸጋ ነው፣ ገና የተቆረጠ የላሜራ ጠርዝ ግን ይሰነጥቀዋል። ውስጡ የአራሚድ ገበር ከሌለው ለመስታወት ሥራ አትመኑት።

«የማይቆረጥ ከሆነ አይበሳም»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። መቆረጥና መበሳት ለነዳፊው ሁለት የማይስማሙ ችግሮች ናቸው። ስለትን ያደናቀፈው ያ ላላ ያለ ሹራብ ለመርፌ በር ይከፍታል። መርፌ ክሩን መበጠስ አያስፈልገውም፣ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ ዱቄት በወንፊት እንደሚያልፍ፣ በመሀል ያልፋል። ስለዚህ ለመበሳት የሚነደፈው ጓንት ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ ይደራርባል፣ ወይም ጨርቁ ላይ ጠንካራ ትናንሽ ሰሌዳዎች ይደረድራል። ሰሌዳዎቹ ከተጠጋጉ እጅ አልታጠፍ ይላል፣ ከተራራቁ መርፌው ክፍተት ያገኛል። ነዳፊዎች አብዛኛውን ጊዜ መዳፉንና የጣት ጫፎቹን ብቻ ይሸፍኑና ጀርባውን ለአየር ይተዉታል።

ፈተናውም ራሱ ወጥመድ አለው። በአውሮፓው ደረጃ በኢኤን 388 መበሳት የሚለካው 4.5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው፣ ጫፉ በደነዘዘ የብረት ዘንግ ነው። ትልቁን ቁጥር 4ን ለማግኘት ጓንቱ 150 ኒውተን መቻል አለበት፣ የ15 ኪሎ ሸክም ያህል። ስለ ሚስማርና ስለ እንጨት ስንጥር ይህ ጥሩ ይነግራችኋል። የሲሪንጅ መርፌ ግን ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ስለሱ ያ 4 ምንም አይልም። የአሜሪካው ደረጃ አንሲ 105 በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል በእውነተኛ የሕክምና መርፌ የሚደረግ ፈተና የተጨመረውም ለዚህ ነው። ለቆሻሻ ለቃሚዎች ጓንት የምትገዙ ካላችሁ በየትኛው እንደተፈተነ ጠይቁ። መርፌን ፈጽሞ የሚያስቀር ጓንት ግን የለም፣ ረጅም መቆንጠጫ አብራችሁ ግዙ።

«ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ጥሩ ነው»

መዶሻ በተሳለበት ጋሻ ሥር ለምሳሌ 4X43D ተጽፎ ታያላችሁ። ተራው መፈተግ፣ መቆረጥ፣ መቀደድ፣ መበሳት ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ደግሞ በአዲሱ ዘዴ የተለካ መቆረጥ። ኤክስ ማለት አልተፈተነም ማለት ነው እንጂ ወድቋል ማለት አይደለም። አሮጌው የመቆረጥ ፈተና የሚሽከረከር ምላጭ ይጠቀማል። መስታወትና ብረት ያለበት ጓንት ምላጩን ስለሚያደነዝዘው ውጤቱ አይታመንም ነበር፣ ፊደሉ በ2016ቱ እትም የመጣው ይህን ለማረም ነው። ዝቅተኛው ፊደል ኤ (A) የ2 ኒውተን ነው፣ ከፍተኛው ኤፍ (F) ደግሞ የ30።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የአሜሪካው መለኪያ ከኤ1 እስከ ኤ9 ስለሆነ፣ አሜሪካኖቹ ኤ5 የሚሉት ጓንት በአውሮፓው ኢ (E) እንጂ ኤ (A) አይደለም። የአውሮፓውን ዝቅተኛ ኤ እንደ አንደኛ ደረጃ አሳምሮ የሚሸጥ አይጠፋም።

«ሰፋ ቢል ይመቻል»

አይመችም። ጣቱ ጫፍ ላይ የተረፈ ጨርቅ ካለ ዕቃው ያመልጣል፣ ያመለጠ ላሜራ ደግሞ እጅ ላይ ተንሸራቶ ነው የሚቆርጠው። አሠሪዎች አንድ ካርቶን በአንድ ቁጥር ገዝተው ለሁሉም ማደላቸው አይገባኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ እንዲያቀርብ ብቻ አይደለም የሚለው፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ነው።

«ጓንት ካደረግኩ ማሽኑም አይነካኝ»

እንደ ቶርኖና ትራፓኖ ባሉ የሚሽከረከሩ ማሽኖች ላይ ጓንት አውልቁ! ማሽኑ ጓንቱን ከያዘው እጅንም ይዞ ይሄዳል፣ ጓንቱ በጠነከረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ስስ ጥጥ ምናልባት ተቀዶ ይለቃችኋል፣ አራሚድ ግን በቀላሉ አይቀደድም። ቅድም ያወራንባቸው የመቆረጥ ፈተናዎች ጥርስ የሌለው ምላጭ የሚጠቀሙ ናቸው፤ ጥርስ ላለው መጋዝና በሞተር ለሚዞር ስለት የተሰጠ ዋስትና የለም።

«በበረኪና ቢታጠብ ይጸዳል»

አራሚድ ከሆነ በረኪናው ክሩን ይበላዋል። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል፣ ፀሐይም ስለሚጎዳው ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፖሊኢትሊኑ በረኪናን ከአራሚድ የተሻለ ይችላል። እሱ የማይችለው ሙቀት ነው፣ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ስለዚህ ከግራይንደር የወጣ ትኩስ ብረት በሱ አታንሱ።