የወሎ ረሃብ እና የመንግሥት ተጠያቂነት

የወሎ ረሃብ በ1964 ክረምት በዝናብ መጥፋት ጀምሮ በ1965 በሰሜንና በምሥራቅ ወሎ ወደ እልቂት የተለወጠ፣ በ1966 ደግሞ የዘውዱን መንግሥት ለመጣል ከቀረቡት ክሶች ሁሉ የከበደው ሆኖ የተገኘ አደጋ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም አከራካሪ ነው፤ ዝቅ ያለው ግምት 40,000 ሲል ከፍ ያለው 200,000 ያደርሰዋል። ዝናቡ ስለ መጥፋቱ ግን ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ የነበረው መንግሥት መቼ ዐወቀ፣ ዐውቆስ ምን አደረገ በሚለው ላይ ነው። ያ ጥያቄ ከዚያ በኋላ በመጣ መንግሥት ሁሉ ላይ እየተነሣ እስከ ዛሬ ደርሷል።

በዚያን ጊዜ ወሎ ጠቅላይ ግዛት 12 አውራጃዎች ነበሩት። ክፉኛ የተጎዱት በምሥራቅ በኩል ያሉት ናቸው፦ ራያና ቆቦ፣ የጁ፣ አምባሰል፣ ቃሉ እና አውሳ። የ1964 ክረምት በቆላው ሳይዘንብ አለፈ። ገበሬው የመጨረሻ ዘሩን ለቀጣዩ በልግ አስቀምጦ ጠበቀ፤ የ1965 በልግም ከዳው። ሁለት ወቅት በተከታታይ ሲጠፋ የሚደርሰውን የወሎ ሰው ያውቀዋል፦ አንዱ ወቅት ጎተራውን ያራቁታል፣ ሁለተኛው በሬውን ያስሸጣል። በሬው የተሸጠበት ገበሬ ቀጥሎ ዝናብ ቢመጣለትም የሚያርስበት የለውም።

አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። በ1965 ኢትዮጵያ ውስጥ እህል አልጠፋም። በአገር ደረጃ የምርቱ መቀነስ ከመቶ 7 ገደማ ብቻ እንደነበር በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን ነበር። ምርቱ የጠፋበት ገበሬ ገንዘብም የለውም፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ገበያ ውስጥ እንደሌለ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ነጋዴው እህሉን ገዥ ወዳለበት ይወስደዋል። አማርትያ ሰን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ረሃብ የእህል እጥረት ሳይሆን እህል የማግኘት ዐቅም ማጣት ነው ብሎ ሲከራከር ከዋና ማስረጃዎቹ አንዱ ያደረገው ወሎን ነበር።

መጀመሪያ መንገድ ላይ የወጡትም የመሬት ባለቤቶች አልነበሩም። እህል ሲያንስ ባለቤቱ ሎሌውንና ገረዱን ያሰናብታል፤ ኩታ የሚገዛ ሲጠፋ ሸማኔው ሥራ ይፈታል፤ የቀን ሠራተኛው የሚያጭደው አዝመራ አያገኝም። እነዚህ ቀድመው ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አሥመራ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ተኮለኮሉ፤ አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ለመኑ። ጭሰኛውና ባለ ትንሽ ማሳው ከብቱን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ተከተላቸው። አፋሩ በሌላ በኩል ተመታ። በአዋሽ ሸለቆ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር የበጋ ግጦሽ ለጥጥ እርሻ ተወስዶበት ነበርና ድርቁ ሲመጣ ከብቱን የሚያሸሽበት አጣ። የከሳ ከብት ገበያ ሲያወጣ ደግሞ በእህል የሚመነዘርበት ዋጋ አሽቆለቆለ።

የደብዳቤው ጉዞ

መንግሥት አላወቀም ማለት አይቻልም። በኅዳር 1965 የእርሻ ሚኒስቴር ያስጠናው የሰብል ሁኔታ ዳሰሳ የወሎን ምርት መክሸፍ አስቀድሞ አሳይቶ ነበር፤ ለሕዝብ ግን አልወጣም። ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል ሰው የሰባት ዓመት ቀዳሚውን የ1958 ረሃብ ማየት ይበቃዋል። ያን ጊዜ የወረኢሉ ፖሊስ ችግሩን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ወሬው ኅዳር ላይ አገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ከሚኒስቴሩ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ለመድረስ ግን 302 ቀን ፈጀ። ንጉሡ እርምጃ ይወሰድ ሲሉም ሚኒስቴሩ ወደ ወሎ የላከው ትእዛዝ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይላክልን የሚል ነበር። ጥቂት እህል የተፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው።

ደብዳቤው የሚዘገየው በስንፍና ብቻ አይደለም። ምስለኔው ለወረዳ ገዥ፣ የወረዳ ገዥው ለአውራጃ፣ አውራጃው ለጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ፣ እንደራሴው ለሚኒስቴር ይጽፋል። በየደረጃው ያለው ሹም የሚመዘነው ባስገባው ግብርና ባስጠበቀው ጸጥታ ነው። «አገሬ ተርቧል» ብሎ መጻፍ ግብሩ አይሰበሰብም፣ ሕዝቡም ተሰዶ ጸጥታ ይደፈርሳል ብሎ በራስ ላይ እንደ መመስከር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃሉን ያለሳልሰዋል፦ «ረሃብ» የነበረው «የእህል እጥረት»፣ እጥረቱ «የዝናብ መዘግየት» ይሆናል። ጠቅላይ ግዛቱ በስም የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን መሆኑም ነገሩን አባሰው፤ ወሎን መክሰስ አልጋ ወራሹን እንደ መንካት ነበርና።

የጊዜው ሁኔታም ዝምታን የሚጋብዝ ነበር። ሐምሌ 1964 የንጉሡ 80ኛ ልደት በድምቀት ተከብሯል፤ ግንቦት 1965 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ ሊከበር ነው። እንግዳ በሚመጣበት ሰሞን መንገድ ዳር የወደቀ ሰው እንዲታይ የሚፈልግ አልነበረም። የውጭ ለጋሾችና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም ከመንግሥት ጋር ላለመቀያየም አፋቸውን ይዘዋል ተብለው በኋላ ተወቅሰዋል፤ ወቀሳው መሠረት ያለው ነው።

ዝምታውን መጀመሪያ የሰበረው ዩኒቨርሲቲው ነው። በሚያዝያ 1965 ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ያሉባቸው መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹ በግቢው ለእይታ ቀረቡ፤ ተማሪው ሰልፍ ወጣ፤ ፖሊስ በተነው። በነሐሴ 1965 በየመጠለያው የተሰበሰበው ሕዝብ 60,000 ገደማ ደርሶ ነበር። መጠለያው ራሱ ገዳይ ነበር፦ በረሃብ የደከመ ብዙ ሰው ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ በሌለበት ተጨናንቆ ሲሰፍር ተቅማጥ፣ ኩፍኝና ተስቦ ይገቡበታል፤ ከእህሉ መዘግየት ያልተናነሰ ሰው የሚወስደውም እሱ ነው።

ፊልሙ፣ ኮሚሽኑና ጥይቱ

ጥቅምት 8 ቀን 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም እርዳታ ማዋጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ይሁንና በወሎ የከፋው ጊዜ ያኔ ወደ ማለፉ ነበር፤ ረሃቡ ወደ ሐረርጌ ተሻግሮ ቀጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወሎን ጎበኙ። ከጉብኝቱ የተገኘው ዋና ውሳኔ በችግር ምክንያት መሬቱን የሸጠ ወይም በወለድ አግድ የሰጠ ገበሬ ለመጪው ወቅት ብቻ ተመልሶ እንዲያርሰው፣ ከዚያ በኋላ ለአዲሱ ባለቤት እንዲለቅ የሚል ነበር። እሱም በተግባር አልተፈጸመም።

በየካቲት 1966 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሲወርድ ምክንያቱ ወሎ ብቻ አልነበረም። የወታደሩ ደመወዝና ቀለብ፣ የመምህራኑ ጥያቄ፣ የቤንዚን ዋጋና የታክሲ አድማ ሁሉ ነበሩበት። የወሎ ጉዳይ ግን እነዚያ ያልነበራቸውን ነገር ሰጠ፦ ማንም የማይከራከረው የሞራል ክስ። በዚያው ዓመት ሁለት አካላት ተቋቋሙ። አንዱ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነው፤ የመጀመሪያው ኮሚሽነር ሽመልስ አዱኛ ነበሩ። ሌላው የባለሥልጣናቱን ጥፋት እንዲመረምር የተሰየመው መርማሪ ኮሚሽን ሲሆን ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ሆኑ። የመርማሪው ሥራ አሰልቺ ግን አስፈላጊ ነበር፦ የትኛው ደብዳቤ በየትኛው ቀን ወጣ፣ በማን ጠረጴዛ ላይ ቆየ፣ ማን ፈረመበት።

ደርግ ያን ያህል ትዕግሥት አልነበረውም። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ ከሚያሳይ ትዕይንት ጋር አቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ፊልሙ እንደ ፕሮፓጋንዳ ከዚያ የተሳካ ሊሆን አይችልም፤ እንደ ማስረጃ ግን የሚነግረው ትንሽ ነው፤ ማን ምን እንደዘገበ አይናገርም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ምርመራው ሳይጠናቀቅ 60 ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉና እንዳልካቸው መኮንን፣ የወሎው እንደራሴ ደጃዝማች ሰሎሞን አብርሃምም ከነሱ ውስጥ ነበሩ። ደብዳቤዎቹን ሊያስረዱ የሚችሉ ሰዎች አብረው ተቀበሩ።

አሥር ዓመት ቆይቶ

ደርግ ከዘውዱ የተሻለ መሣሪያ ነበረው። የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን በየዓመቱ የበልግና የመኸር ምርትን እየገመገመ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ዘርግቶ ነበር፤ አስጠነቀቀም። በመጋቢት 1976 ለለጋሾች 450,000 ቶን እህል ጠየቀ። የሚያስፈልገው 900,000 ቶን መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ወደቡና የጭነት መኪናው ከዚያ በላይ አይችልም በሚል ግማሹን ጠየቀ። ለጋሾቹ በበኩላቸው ቁጥሩ ተጋኗል ብለው ጠረጠሩ። የተጠየቀው ከሚያስፈልገው አንሶ፣ የተሰጠው ከተጠየቀው አነሰ።

ኮሚሽኑ ያወቀውን ግን የፖለቲካው አናት መስማት አልፈለገም። መስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የገዥው ፓርቲ የኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ምሥረታ በዓል ነበር፤ በዓሉ እስኪያልፍ ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዲወጣ አልተፈቀደም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከቆረም ያስተላለፉት ዘገባ በቢቢሲ ታየ፤ የቀረው የታወቀ ነው። የሟቾቹ ግምት ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን ይደርሳል። ድግስ፣ ዝምታ፣ የውጭ ካሜራ፦ ደርግ ንጉሡን የከሰሰበት ፊልም ሦስቱ አካላት በራሱ ላይ ተደገሙ። ተጨማሪ ክስም መጣበት፦ በሰሜን የሚካሄደው ጦርነት ያስከተለው ረሃብ መሆኑ፣ ከተራበው ሕዝብ 600,000 ያህሉ ወደ ደቡብና ምዕራብ በሠፈራ መወሰዱ፣ ብዙዎቹም በግድ መጋዛቸው። ኮሚሽነሩ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በ1978 አገር ጥለው ወጡ።

ኢሕአዴግ ይህንኑ ክስ ይዞ ገባ። ከዚያ በኋላ የተጠናከሩት የአደጋ መከላከያ ተቋማት፣ የመጠባበቂያ እህል ክምችቱና በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ሞትን በእጅጉ ቀንሰዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። በ2008 በኤልኒኞ ሳቢያ እርዳታ ፈላጊው 10.2 ሚሊዮን ሲደርስ የ1977 ዓይነት እልቂት አልታየም። የቃላቱ ትግል ግን አልቀረም። ባለሥልጣኑ «ድርቅ እንጂ ረሃብ የለም» ይላል፤ ተቃዋሚው «ረሃብ» ይላል፤ ሰነዱ «የምግብ ዋስትና ክፍተት» ይላል። ድርቅ የሰማይ ነው፣ ረሃብ የመንግሥት፤ ሁሉም የሚመርጠው ቃል ተጠያቂውን ይዞ ይመጣል።

ቁጥሩ የሚሸረፍበት ቦታ

ዛሬ ወቀሳው በብዛት የሚነሣው በተረጂ ቁጥር ላይ ነው። ቀበሌ ስም ዝርዝር ያወጣል፤ ወረዳ ይገመግማል፤ ዞን፣ ክልልና ፌዴራል እየተቀባበሉ ከለጋሾች ጋር ይስማሙበታል። በየደረጃው ቁጥሩ ይቀነሳል፤ ታችኛው «መቀነሱ አይቀርም» ብሎ አስቀድሞ ያበዛል፣ ላይኛው «አብዝተዋል» ብሎ ይቆርጣል። የተለመደው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ለ1 ሚሊዮን ሰው እህሉ ብቻ 150,000 ኩንታል ይሆናል፤ 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ 375 ጊዜ መመላለስ አለበት። መኪና ለማዳበሪያ ወይም ለሌላ ጭነት በተያዘበት ወር እህሉ ጅቡቲ ይቆያል፤ የሰኔው ራሽን ነሐሴ ይደርሳል። ሁለት ወር የዘገየ እህል ለገበሬው ዘሩንና በሬውን አያድንለትም፣ ነፍሱን ነው የሚያቆይለት።

ኮታው ሲያንስ ቀበሌው የራሱን መላ ይፈጥራል። 800 ችግረኛ ባለበት ቀበሌ የ500 ሰው ኮታ ቢመጣ 7,500 ኪሎ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቀያየም ለሁሉም ይከፋፈልና ለአንዱ 9 ኪሎ ከምናምን ይደርሰዋል። ኦዲተር ሲመጣ ይህ «ከመመሪያ ውጭ ክፍፍል» ይባላል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ይጠየቅበታል፣ ኮታውን የቆረጠው ቢሮ ግን አይጠየቅም። እውነተኛ ዘረፋም አለ፦ በ2015 የእርዳታ እህል በሰፊው ገበያ ወጥቶ በመገኘቱ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ በትግራይ፣ በሰኔ በመላ አገሪቱ ስርጭት አቆሙ። እርዳታው እስኪመለስ ወራት አለፉ፤ ያን ያህል ወር ዝርዝሩ ውስጥ የነበረው ሰው ያለ ራሽን ቆየ።