የፕሌይኦፍ ዕድል ምንድን ነው? በሲሙሌሽን ሊግ «65 ከመቶ» ሲባል

በሲሙሌሽን የቅርጫት ኳስ ሊግ ቡድን የሚመራ ሰው፣ የውድድር ዓመቱ ሲጋመስ ዓይኑ አንድ ቁጥር ላይ ያርፋል። ከቡድኑ ስም ጎን «65 ከመቶ» ተጽፏል። ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ለዋንጫ የሚደረገው የመጨረሻ ዙር ውስጥ የመግባት ዕድሉ ማለት ነው። ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ቁጥሩ ወደ 51 ይወርዳል። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ትንቢት ያየዋል። ሌላው ደግሞ ጭራሽ አያምነውም። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያወቀ ሰው ግን ብዙ ይጠቀምበታል።

ሲሙሌሽን ሊግ ውስጥ ጨዋታውን በእጁ የሚጫወት የለም። ኮምፒውተሩ ኳሷ በተያዘች ቁጥር ያሰላል። ማን ወረወረ፣ ማን ተከላከለ፣ ገባ ወይስ ሳተ የሚለውን በተጫዋቾቹ ችሎታና በዘፈቀደ ቁጥር ይወስናል። የሰው ድርሻ የጄኔራል ማኔጀርና የአሰልጣኝ ሥራ ነው። ትሬድ ያደርጋል (ከሌላ ቡድን ጋር ተጫዋች ይለዋወጣል)፣ በድራፍት አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራው ይመርጣል፣ የመጫወቻ ደቂቃ ያከፋፍላል። ብቻውን የሚጫወት አለ። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ባለቤት ያለው፣ ኮሚሽነር ተመርጦለት ጨዋታዎቹ በቀጠሮ የሚካሄዱ ሊግም አለ።

ብዙዎቹ የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤን አሠራር ይከተላሉ። 30 ቡድን፣ 82 ጨዋታ፣ እያንዳንዳቸው 15 ቡድን ያላቸው ሁለት ኮንፈረንሶች። ከየኮንፈረንሱ እስከ 6ኛ የወጡት በቀጥታ ያልፋሉ። ከ7ኛ እስከ 10ኛ ያሉት ፕሌይ-ኢን በሚባሉ የማጣሪያ ጨዋታዎች ለቀሩት ሁለት ቦታዎች ይፋለማሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በዚህ አሠራር የተሰሉ ናቸው። የእናንተ ሊግ ሌላ ሕግ ካለው ቁጥሩ ይለወጣል፣ ስሌቱ ግን ያው ነው።

ስለዚህ 65 ከመቶ ምንድን ነው? ፕሮግራሙ የዛሬውን ሰንጠረዥ ይይዛል። የቀሩትን ጨዋታዎች በሙሉ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ያጫውታል። ማን እንደገባ ይመዘግባል። ከዚያ ወደ ዛሬ ተመልሶ እንደገና ከመጀመሪያው ያጫውታል። ይህንን ለምሳሌ 10,000 ጊዜ ይደግማል። ቡድናችሁ ከነዚህ ውስጥ በ6,500ው ፕሌይኦፍ ከገባ፣ ዕድሉ 65 ከመቶ ነው። ነገሩ ቆጠራ ነው።

ይህ ዘዴ ሞንቴ ካርሎ ይባላል። የመጣውም ከስፖርት አይደለም። የሒሳብ ሊቁ ስታኒስላቭ ኡላም በ1946 እ.ኤ.አ. ከሕመም እያገገመ ብቻውን ካርታ ይጫወት ነበር። የካርታው ጨዋታ የመሳካት ዕድሉ ስንት እንደሆነ በቀመር ለማውጣት ሞከረና ከበደው። ታዲያ መቶ ጊዜ ተጫውቶ የተሳካውን ብቻ መቁጠር አይቀልም ወይ ብሎ አሰበ። ሐሳቡን ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለጆን ፎን ኖይማን አካፈለው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካው የምርምር ማዕከል በሎስ አላሞስ ለኒውክሌር ስሌት ዋለ። በ1949 እ.ኤ.አ. ኡላምና ባልደረባው ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ ዘዴውን ሞንቴ ካርሎ በሚለው ስም በጽሑፍ አወጡት። የሰላሳ ቡድን ቀሪ ጨዋታዎች በቀመር የማይጨበጡ ስለሆኑ ለሊግ ልክክ ያለ ዘዴ ነው። አንዱ ቡድን ሲያሸንፍ ሌላው ይሸነፋል፣ ሁሉም እርስ በርሱ የተሳሰረ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ የቀሩትን ጨዋታዎች ሲያጫውት ማን ጠንካራ እንደሆነ በምን ያውቃል? ግምት የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ጋ ነው።

ብዙ ሰው ሰንጠረዡን አይቶ ይፈርዳል። በእኔ እምነት ከማሸነፍና ከመሸነፍ በፊት መታየት ያለበት የነጥብ ልዩነት ነው። በአንድ ነጥብ ማሸነፍና በአንድ ነጥብ መሸነፍ መካከል ያለው ብዙ ጊዜ አንድ ውርወራ ነው። በአማካይ ስንት አስቆጥረን ስንት ተቆጠረብን የሚለው ግን በሺዎች ከሚቆጠሩ የኳስ ይዞታዎች የተገኘ ነው። የስታቲስቲክስ ተንታኙ ቢል ጄምስ ለቤዝቦል ያወጣው ቀመር በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ያስቆጠሩትን ነጥብ በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ (በ2 ከሆነ ነጥቡን በራሱ አባዝቶ ማለት ነው)፣ የተቆጠረባቸውንም እንዲሁ አድርጎ፣ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር ያካፍላል። በቤዝቦል ከፍ የሚደረገው በ2 ነበር። ሌላው ተንታኝ ዳሪል ሞሪ ለቅርጫት ኳስ ሲያስተካክለው 13.91 ላይ ደረሰ። በጥቅሉ 14 በሉት። ቁጥሩ ከቤዝቦሉ ይህን ያህል የበለጠው ቅርጫት ኳስ ለዕድል ብዙ ቦታ ስለማይሰጥ ነው። በአንድ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን ኳስ የሚይዘው ወደ መቶ ጊዜ ነው። በመቶ ሙከራ የተሻለው ቡድን ብዙውን ጊዜ ይለያል።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንይ። ሁለት ቡድኖች ለመጨረሻው ቦታ ይፎካከራሉ። በማልያቸው ቀለም ሰማያዊዎቹና ቀዮቹ እንበላቸው። ሁለቱም 62 ጨዋታ ተጫውተዋል።

ሰማያዊዎቹ 34 አሸንፈው 28 ተሸንፈዋል። በአማካይ 110 ያስቆጥራሉ፣ 111 ይቆጠርባቸዋል። ቀዮቹ 31 አሸንፈው 31 ተሸንፈዋል። በአማካይ 112 ያስቆጥራሉ፣ 109.5 ይቆጠርባቸዋል። ሰንጠረዡ ሰማያዊዎቹን በሦስት ጨዋታ ያስቀድማል።

አሁን ቀመሩን እናስገባ። የሰማያዊዎቹ ነጥብ የሚመጥነው 47 ከመቶ ማሸነፍን ነው። ያም ከ62 ውስጥ 29 ድል ነው። እነሱ 34 አላቸው። የቀዮቹ ነጥብ የሚመጥነው 58 ከመቶ፣ ማለትም 36 ድል ነው። እነሱ 31 ብቻ አላቸው። አንዱ ከሚገባው በአምስት በልጧል፣ ሌላው በአምስት ጎድሏል። የቀሩትን 20 ጨዋታዎች ሁለቱም በነጥባቸው ልክ ቢጫወቱ፣ ሰማያዊዎቹ ወደ 9.4፣ ቀዮቹ ወደ 11.6 ይጨምራሉ። መጨረሻው 43.4 ለ42.6 ነው። የሦስት ጨዋታ ልዩነት ከአንድ በታች ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ቀመሩ ሰማያዊዎቹ ያገኙትን 34 ድል አይነጥቃቸውም። በእጅ ያለ በእጅ ነው። ዕድለኛ ስለነበሩ ወደፊት ዕድለ ቢስ ይሆናሉ ማለትም አይደለም። ከአሁን በኋላ እንደ አቅማቸው ይጫወታሉ ማለት ብቻ ነው። ይህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው በጣም ብዙ ነው።

ይህ ደግሞ አማካዩ ነው። በ20 ጨዋታ ውስጥ አንድ ቡድን ከሚጠበቅበት በሁለት ድል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢሄድ ምንም አይገርምም። ይህን ሁሉ አጫውተን ብንቆጥር፣ ተጋጣሚዎቻቸው መካከለኛ ናቸው ብለን ብንነሳ፣ ሰማያዊዎቹ በግምት 54 ከመቶ ቀድመው ይጨርሳሉ። ቀዮቹ 34 ከመቶ። የቀረው 12 ከመቶ እኩል የሚሆኑበት ነው። ከስምንት አንዴ ማለት ይቻላል።

እኩል ሲሆኑ ማን ይቀድማል? ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ሕግ ይህ ነው። በኤንቢኤ ሁለት ቡድኖች እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚታየው እርስ በርስ ያደረጉት ውጤት ነው። ቀዮቹ ሰማያዊዎቹን በእርስ በርስ የሚበልጡ ከሆነ ያ 12 ከመቶ በሙሉ ወደነሱ ይሄዳል፣ ፉክክሩም 54 ለ46 ይሆናል። ለሰማያዊዎቹ ከሆነ 66 ለ34። በጥቅምት የተደረገች አንዲት ጨዋታ በሚያዝያ ይህን ያህል ትመዝናለች። ስለዚህ የሊጋችሁን የእኩልነት ሕግ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አንብቡት። አንዳንዱ ሊግ በነጥብ ልዩነት ይለያል፣ አንዳንዱም ዕጣ ያወጣል።

የቀሩት ጨዋታዎች ከማን ጋር እንደሆኑም መታየት አለበት። የሁለት ቡድኖችን አቅም ወደ አንድ ጨዋታ ዕድል የሚቀይር ቀላል ስሌት አለ። 60 ከመቶ የሚያሸንፍ ቡድን 40 ከመቶ ከሚያሸንፍ ጋር ሲገናኝ፣ የመጀመሪያው ዕድል ወደ 69 ከመቶ ይሆናል። በራስ ሜዳ መጫወትም አለ። በኤንቢኤ ባለሜዳው ለረጅም ዘመን ከመቶ ወደ 60 ያህሉን ያሸንፍ ነበር። በቅርብ ዓመታት ወደ 55 ቀርቧል። በሲሙሌሽን ግን ይህ የፕሮግራሙ ቅንብር ጉዳይ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ጠፍቶም ታገኙታላችሁ።

የነጥብ ልዩነትም ቢሆን እንከን አለው። ያለፈውን ቡድን ነው የሚለካው። በየካቲት ኮከቡን በትሬድ የሰጠ ቡድን ያለፉት ሃምሳ ጨዋታዎቹ የሌላ ቡድን ናቸው። ኮከቡ ለሃያ ጨዋታ ተጎድቶ የነበረ ቡድንም እንዲሁ። ሲሙሌሽን ከእውነተኛው ሊግ የሚሻልበት አንዱ ነገር እዚህ ጋ ነው። የተጫዋቾቹ ችሎታ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። አንዳንዱ ፕሮግራም ሆን ብሎ ትንሽ ያደበዝዘዋል፣ ያም ሆኖ ይጠቅማል። ጥሩ ግምት ሁለቱን ያቀላቅላል፦ እስካሁን የታየውን ነጥብና ዛሬ ሜዳ የሚገባውን ስብስብ።

ፕሌይ-ኢን ደግሞ ለብቻው ይቆጠር። 7ኛው ከ8ኛው ይጫወታል፣ ያሸነፈው ገባ። 9ኛው ከ10ኛው ይጫወታል፣ የተሸነፈው ወጣ። ከዚያ የመጀመሪያው ጨዋታ ተሸናፊ ከሁለተኛው አሸናፊ ጋር ለመጨረሻው ቦታ ይገናኛል። አራቱም እኩል አቅም ቢኖራቸው እንኳ 7ኛና 8ኛ 75 ከመቶ ዕድል አላቸው። 9ኛና 10ኛ 25 ብቻ። ስለዚህ ከ8ኛ ወደ 9ኛ መውረድ ከ9ኛ ወደ 10ኛ ከመውረድ በእጅጉ የከፋ ነው። ከ7ኛ ወደ 6ኛ መውጣት ደግሞ ቀሪውን 25 ከመቶ ስጋት ያስወግዳል። የአንዳንድ ፕሮግራሞች ቁጥር ፕሌይ-ኢን መግባትን እንደ ፕሌይኦፍ ይቆጥራል። የትኛውን እንደሚቆጥር ሳያረጋግጡ ሁለት ቁጥር ማወዳደር አይገባም።

የድግግሞሹ ብዛትም ልዩነት ያመጣል። 100 ጊዜ ብቻ ያጫወተ ፕሮግራም 50 ከመቶ ቢል፣ በአምስት ከመቶ ወዲያና ወዲህ ሊዋዥቅ ይችላል። 10,000 ጊዜ ከሆነ መዋዠቁ ወደ ግማሽ ከመቶ ይወርዳል። ከዚያ በላይ መጨመር ብዙ አይፈይድም። የቡድኖቹ አቅም በስህተት ከገባ ሚሊዮን ጊዜ ቢደገም ስህተቱ ያው ነው።

ታዲያ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? በእውነተኛው ሊግ የውድድር ዓመቱ የሚሆነው አንዴ ነው። 65 ከመቶ የተባለው ቡድን ሳይገባ ቢቀር ግምቱ ስህተት ነበር ማለት አንችልም። በብዙ ዓመታት 65 ከመቶ የተባሉትን ሰብስበን ከመቶ 65 ያህሉ መግባታቸውን ማየት ነው ያለን አማራጭ። በሲሙሌሽን ግን ሊጉ ፋይል ነው። ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እስከ መጨረሻው አስኬዱት፣ ውጤቱን መዝግቡ፣ ከኮፒው ደግማችሁ አስነሱት። ሃምሳ ጊዜ ብታደርጉት ግምቱ ከራሱ ከጨዋታው ሞተር ጋር መስማማቱን ታያላችሁ። ሌላ ስፖርት ተከታታይ ይህን ዕድል አያገኝም። ለዚህም ነው ሲሙሌሽን ሊግን የዕድል ስሌት መማሪያ አድርጌ የምወደው።

ብዙ ሰው በሚሳተፍበት ሊግ አንድ ነገር ይጨመራል፣ እሱም ሰው ነው። ተስፋ የቆረጠ ቡድን ነባር ተጫዋቾቹን ይሸጣል፣ ለድራፍት ሎተሪ፣ ማለትም ደካማ ቡድኖች የምርጫ ተራ ለሚያገኙበት ዕጣ ይዘጋጃል። በኤንቢኤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነበረው ሕግ መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስት ቡድኖች እያንዳንዳቸው የመጀመሪያውን ምርጫ የማግኘት 14 ከመቶ ዕድል ነበራቸው። ብዙ ሲሙሌሽን ሊጎችም ያንኑ ገልብጠዋል። እንዲህ ያለ ቡድን በመጋቢት ሲገጥማችሁ በታኅሣሥ ከገጠማችሁ ጋር አንድ አይደለም። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም። ከቀሩት ተጋጣሚዎቻችሁ ውስጥ እጅ የሰጡትንና ገና የሚታገሉትን ለይቶ መቁጠር የእናንተ ሥራ ነው።

ለውሳኔ የሚጠቅመው ደግሞ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። የትሬድ ቀነ ገደብ ሲደርስ ግምቱን አንዴ በአሁኑ ስብስብ፣ አንዴ በሚመጣው ተጫዋች አስሉት። ከ35 ወደ 50 ከመቶ የሚያደርስ ተጫዋች የድራፍት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ሊያስከፍል ይችላል፣ ክፍያውም ሊገባው ይችላል። ያው ተጫዋች 93 ላይ ያለን ቡድን ወደ 96 ቢያደርስ፣ ስለ መግባት ብቻ ከሆነ ያ ምርጫ ባይሰጥ ይሻላል። 4 ከመቶ ላይ ያለ ቡድን ወደ 9 ቢወጣ ዕድሉ ከእጥፍ በላይ አድጓል። ያም ሆኖ ከአሥራ አንዱ አሥር ጊዜ ምርጫውንም ፕሌይኦፉንም አጥቶ ይቀራል።