ግሪድ ፎርሚንግ ኢንቨርተር ምንድን ነው?

ቤታችሁ ባትሪ ያለው ኢንቨርተር ካለ ይህን ታውቁታላችሁ። መብራት ይሄዳል። ከደረጃው ሥር "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማል። አምፖሉ ብልጭ ይልና ተመልሶ ይበራል፤ ቴሌቪዥኑም ካቆመበት ይቀጥላል። ጎረቤታችሁ ደግሞ ጣሪያው ላይ ሶላር አለው እንበል። ባትሪ ግን የለውም፤ ኢንቨርተሩ ከመስመሩ ጋር ብቻ እንዲሠራ የተገዛ ነው። መብራት ሲሄድ ፀሐይዋ አናት ላይ እያለች እሱ ቤት ምጣዱም ፍሪጁም ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። ፓኔሉ ደህና፣ ፀሐይዋ ደህና፣ ታዲያ ምን ነካው?

በመቶ ሜጋ ዋት የሚቆጠር የፀሐይ ኃይል ማመንጫ የሚሠሩ መሐንዲሶችን እንቅልፍ የሚነሳውም ይኸው ጥያቄ ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ሶላር ፓኔል የሚያመነጨው እንደ ባትሪ ድንጋይ ዲሲ ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ። መስመሩ ላይ የሚሄደው ኤሲ ነው፤ እኛ አገር በሰከንድ 50 ጊዜ፣ አሜሪካ 60 ጊዜ ይወዛወዛል። ኢንቨርተር ዲሲውን በከፍተኛ ፍጥነት እየቆራረጠ ኤሲ ያደርገዋል። ይህን ሁሉም ኢንቨርተር ይሠራል። ልዩነቱ ሞገዱን ራሱ ይጀምራል ወይስ ሌላው የጀመረውን ይከተላል የሚለው ላይ ነው።

የሰርግ ዘፈን አስቡ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የተቀባዮቹ ድምፅ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አቀንቃኟ ዝም ካለች ዘፈኑ ይቆማል። እስካሁን በዓለም ላይ የተተከሉት አብዛኞቹ የሶላር ኢንቨርተሮች ተቀባይ ናቸው። መስመሩ ላይ ያለውን የቮልቴጅ ሞገድ በየቅጽበቱ ይለካሉ፣ ምቱን ይይዛሉ፣ በዚያ ምት ላይ ኃይላቸውን ይጨምራሉ። ምቱ ከጠፋ ይቆማሉ። የጎረቤታችሁ ኢንቨርተር የቆመው ለዚህ ነው፤ ደግሞም መቆም አለበት፣ ምክንያቱም መስመር ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሊኖር ይችላል። ግሪድ ፎርሚንግ የሚባለው ኢንቨርተር ግን አቀንቃኝ ነው። ቮልቴጁንም ምቱንም ራሱ ያወጣል። ከደረጃችሁ ሥር ያለው ሳጥን የዚሁ ትንሽ ዘመድ ነው።

ትልቁ ግሪድ፣ ማለትም የአገሩ የመብራት መረብ ላይ እስካሁን አቀንቃኞቹ ተርባይኖች ነበሩ። የህዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት። እያንዳንዱ የሚያሽከረክረው ብዙ ቶን ብረት ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በአንዴ አይቆምም። አንድ ማመንጫ ድንገት ከመስመር ሲወጣ፣ የቀሩት ከሽክርክሪታቸው ላይ ኃይል ይሰጡና ፍሪኩዌንሲው (ሞገዱ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት) ቀስ እያለ ይወርዳል። ለተቆጣጣሪዎቹ ፋታ ይሰጣል ማለት ነው። ኢነርሺያ ይሉታል። ሶላር ሲበዛና ተርባይን ሲቀንስ ይህ ፋታ ይቀንሳል፤ ተቀባይ የሞላበት አቀንቃኝ የጠፋበት ሰርግ ይሆናል።

ካሊፎርኒያ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩን እንደዚህ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ የለም። በፈረንጆቹ ኦገስት 16 ቀን 2016 ካሆን ፓስ በሚባለው ሸለቆ ብሉ ከት የተባለ ሰደድ እሳት ተነሳ። እሳቱና ጭሱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተሸካሚ መስመሮችን ደጋግሞ ሾርት አስደረጋቸው። ከቀትር በፊት አንዱ የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ይህ ሲሆን፣ መከላከያው የሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ ሳይሞላ ችግሩን ቆረጠው። ሥራውን በደንብ ሠራ። ሆኖም በዚያች ቅጽበት 1,178 ሜጋ ዋት የሶላር ኃይል ከግሪዱ ላይ ጠፋ።

የተቃጠለ ፓኔል አልነበረም። ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች የተበላሸውን ሞገድ ለክተው ፍሪኩዌንሲው ከ57 ሄርዝ (በሰከንድ 57 ጊዜ) በታች ወረደ ብለው አሰቡና ራሳቸውን አጠፉ። የግሪዱ ፍሪኩዌንሲ ግን ከ59.8 በታች እንኳ አልወረደም። ሌሎቹ ደግሞ ቮልቴጅ ሲቀንስ ኃይል መስጠት እንዲያቆሙ ተደርገው የተሠሩ ስለነበሩ አቆሙ። ተቀባዮቹ ዘፈኑን ተሳስተው ሰሙና አዳራሹን ጥለው ወጡ። የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ዕቃው ደህና ሆኖ፣ ውስጡ የተጻፈ መመሪያ ይህን ያህል ኃይል አሳጣ።

አቀንቃኙ ኢንቨርተር ሲደናገጥ እንዲህ አያደርግም። ውስጡ የራሱን ቮልቴጅ ይዞ ይቆማል። መስመሩ ሲናወጥ መጀመሪያ ለክቶ፣ አስቦ፣ ከዚያ አይመልስም፤ በእሱና በመስመሩ ቮልቴጅ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ኃይሉን ስቦ ያወጣዋል። ብዙ አቀንቃኞች አንድ መስመር ላይ ሲሆኑስ? ሸክሙ የከበደበት ምቱን በጥቂቱ ዝቅ ያደርጋል፣ ሌሎቹ ያንን አይተው ያግዙታል። ስልክ አይደዋወሉም፣ ፍሪኩዌንሲው ራሱ መልእክቱ ነው።

ግን ሁሉን የሚችል ዕቃ አይደለም። ሁለት ነገር ያጥረዋል። አንደኛው ጡንቻ ነው። ትልቅ ጄኔሬተር መስመር ሾርት ሲያደርግ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ለአፍታ ይሰጣል። የኢንቨርተር ትራንዚስተር (ዲሲውን የሚቆራርጠው ክፍል) ግን በቅጽበት ይግላል፤ ከመደበኛው 1.2 እጥፍ አካባቢ ላይ ይገደባል። ሁለተኛው ስንቅ ነው። ፓኔሉ ያለውን ሁሉ እየሰጠ ከሆነ ተጨማሪ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ወይ ሆን ተብሎ ከአቅም በታች መሥራት፣ ወይ ባትሪ ያስፈልጋል። በተግባር ይህ ቴክኖሎጂ የተስፋፋው ባትሪ ላይ የሆነው ለዚህ ነው። ደቡብ አውስትራሊያ ያለው የ150 ሜጋ ዋቱ የሆርንስዴል ባትሪ በ2022 ልክ እንደ ተርባይን ኢነርሺያ መስጠት ጀምሯል።

ታዲያ ለትልቅ ማመንጫ ኢንቨርተር የሚመርጥ ሰው ምን ይጠይቅ? ጨረታ ላይ ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው ዋጋና ብቃት (ከገባው ዲሲ ስንቱ ኤሲ ሆኖ ይወጣል) ላይ ነው። እኔ ግን ብቃቱን ብዙ አልጨነቅበትም፤ የዛሬዎቹ ትልልቅ ኢንቨርተሮች አብዛኞቹ 98 በመቶ ገደማ ናቸው። መጠየቅ ያለበት፣ ቮልቴጁ ለአፍታ ወደ ዜሮ ሲወርድ ምን ታደርጋለህ? ደካማ መስመር ጫፍ ላይ ትረጋጋለህ? ከረንትህ ጣሪያው ላይ ሲደርስስ? መልሱ በቃል ሳይሆን የፋብሪካው እውነተኛ ሶፍትዌር በገባበት የኮምፒውተር ሞዴል መምጣት አለበት፣ ያውም ውል ሳይፈረም። ከተፈረመ በኋላ ሞዴል መለመን አድካሚ ነው። ሌላው ሙቀት ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የአቅም ቁጥር በስንት ዲግሪ ነው የሚሠራው? በ25 ዲግሪ ከሆነ ለአፋር ቀትር አይሆንም። ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ሳስቶ ማቀዝቀዝ ይከብደዋል።

አፋርን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ዲቸቶ አፋር ውስጥ፣ ጋድ ሶማሌ ክልል፣ ለእያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት ሶላር ታቅዶ ነበር። የእኛ ግሪድ በውኃ ተርባይን የተሞላ ስለሆነ በጠቅላላው ኢነርሺያ አላጣም። ፀሐይና ሜዳ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከግድቦቹ ርቆ፣ በረጅም መስመር ጫፍ ላይ ነው፤ ተቀባይ ኢንቨርተር ምቱን ለመያዝ የሚቸገረውም እዚያ ነው። ሶላሩ ከባትሪ ጋር ከመጣ አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ አገሩ ሙሉ መብራት ሲጠፋ፣ ይህ ማመንጫ ከማንም ሳይጠብቅ የአካባቢውን መስመር ራሱ መቀስቀስ ይችላል? አዎ ከተባለ፣ ዕቃውን ከመረከብ በፊት መስመሩን ቆርጠው ሲያስነሱት ቆሞ ማየት ነው።