የዱር ንቦችን አዲስ ዝርያ መለየትና መሰየም፦ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ

ንብ ሲባል በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ፈጥኖ ትዝ የሚለው በቀፎ የሚረባው ማር ሰጪው ነው። በዓለም ላይ እስካሁን ስም ከተሰጣቸው ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች ውስጥ ግን አብዛኞቹ ማር የማያከማቹ፣ ንግሥትና ሠራተኛ የሌላቸው፣ እያንዳንዷ እናት በአፈር፣ በደረቅ ግንድ ወይም በግድግዳ ስንጥቅ ለብቻዋ ጎጆ የምትሠራ የዱር ንቦች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ገና ያልተሰየመ መሆኑን አረጋግጦ መልኩን በጽሑፍ መግለጽና ስም ማውጣት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አካባቢው ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሰው አየሩም አበባውም ሲለወጥ ያያል። ከመስከረሙ አደይ አበባ በተጨማሪ በልግ የሚዘንብበት አገር ስለሆነ፣ በመስከረም ብቻ መረብ ይዞ የወጣ አጥኚ በበልግ የሚበሩትን ሳያይ ሊቀር ይችላል።

ንቦቹ የሚያዙት በመረብ፣ እንዲሁም ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና የተጨመረበት ውኃ በያዙ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ ሳሕኖች ነው፤ ቀለሙን አበባ መስሏት የመጣች ንብ ሳሙናው የውኃውን ገጽ ስላላላው ትሰምጣለች። የአንዳንድ ዝርያ ወንዶች ደግሞ ሲመሽ የደረቀ ሣር አገዳ በመንጋጋቸው ነክሰው ስለሚያድሩ፣ ማልዶ የወጣ ሰው ሳይነቁ ያገኛቸዋል። የተያዘችው ንብ በመርፌ ተሰክታ ትደርቅና ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የነበረችበት አበባና የሰብሳቢው ስም የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ከሥሯ ይደረጋል። ይህ ወረቀት የሌላት ንብ፣ ምንም ያህል ብርቅ ብትሆን፣ ለምርምር የምትሰጠው ጥቅም ኢምንት ነው፤ በተለይ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ በሚለዋወጥበት አገር «ወሎ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም።

በማይክሮስኮፕ ሥር መጀመሪያ የሚታየው ፀጉሯ ነው፤ የንብ ፀጉር፣ ቢያንስ በከፊሉ፣ እንደ ላባ ቅርንጫፍ ያለው በመሆኑ ከተርብ ይለያታል። ቀጥሎ የአንቴናው አንጓዎች ይቆጠራሉ፤ የሴቷ 12፣ የወንዱ 13 ነው። ማር ሰጪው ንብ የአበባ ብናኙን በወለላ አርጥቦ በኋላ እግሩ ላይ ሲያድበለብለው፣ ቅጠል ቆራጮቹ የዱር ንቦች ግን ደረቁን እንደ ዱቄት በሆዳቸው ሥር ባለው ፀጉር ይሸከሙታል። የክንፍ ሥሮች አቀማመጥ፣ የምላስ ርዝመትና በደረት ቅርፊት ላይ ያሉት ጥቃቅን ነቁጦች መራራቅ በየተራ ይመረመራሉ። ሴቶቹ ፈጽሞ ሲመሳሰሉ ብዙ ጊዜ የሚለያቸው የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። የዲ ኤን ኤ ንጽጽር ትልቅ እገዛ ያደርጋል፤ ሆኖም መልክን አይቶ ማመሳከርን አይተካም።

ከባዱ ሥራ «አዲስ ነው» ማለት ነው። ለዚህ ቀደም ሲል ስም የተሰጣቸውን የቅርብ ዘመዶች ሁሉ ማየት ያስፈልጋል፤ ከአገራችን የተወሰዱ ብዙ የቆዩ ናሙናዎች ደግሞ ያሉት በአውሮፓ ሙዚየሞች ነው። መሬት ውስጥ የምትኖረውና ማሯ ለመድኃኒት የሚፈለገው ጣዝማ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1879 ከጣሊያናዊው ግሪቦዶ ሲሆን፣ ሜሊፖኑላ ቤካሪ የተባለችው በተጓዡ ኦዶአርዶ ቤካሪ ስም ነው። ዘወትር የምናየው የቀፎ ንብ እንኳ አፒስ ሜሊፌራ ሲሜንሲስ ተብሎ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ሆኖ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ያውም ከዚያ በፊት የአገራችን ንቦች በየአጥኚው የተለያየ ንዑስ ዝርያ ስም ሲሰጣቸው ከቆዩ በኋላ።

ስሙ የሚጸናው በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ መሠረት በታተመ ጽሑፍ ሲወጣ ነው። የእንስሳት ስያሜ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. 1758 ነው። ገላጩ ሆሎታይፕ የሚባለውን አንድ ናሙና መርጦ የሚቀመጥበትን ተቋም ይጠቅሳል፤ ወደፊት ክርክር ቢነሣ ስሙ የሚጸናው በዚያች አንዲት ንብ ላይ ነው። ናሙናዎቹን ለምርምር ወደ ውጭ መላክ ካስፈለገም የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን (ማለትም ሀብቱን አግኝቶ መጠቀምን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ ይጠይቃል።