ሀዋሳ ስትሰፋ መንገዷ ምን ይሆናል?
መሐል ሀዋሳ ላይ መንገድ መሳት ይከብዳል። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሳሉ የተቆረቆረችው በፕላን ነው። መሬቱም ሜዳ ነው። ስለዚህ መንገዶቹ ቀጥ ብለው ሄደው እርስ በርስ ይቆራረጣሉ። ከገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ባጃጅ አስፋልቱ ከተጨናነቀበት በቀጣዩ ቅያስ ይታጠፋል።

የመንገድ ትስስር የሚባለው ይኸው ነው። የአስፋልቱ ርዝመት ወይም ስፋት አይደለም። መንገዶች ስንት ቦታ ይገናኛሉ? ስንቱስ ጫፉ ተዘግቶ ይቀራል? ባለሙያዎች የእግር መንገዱ ከቀጥታው ርቀት በስንት እጥፍ እንደሚረዝምም ይለካሉ። በአራት ማዕዘን በተቆራረጠ ሰፈር ከ1.4 እጥፍ ብዙም አያልፍም። ጫፉ በተዘጋ ሰፈር ግን ጉድ ነው፤ አጥር የሚጋራህ ጎረቤት ቤት ለመሄድ እስከ ዋናው አስፋልት ወጥተህ ትዞራለህ።

ሀዋሳን በምዕራብ ሐይቁ ስለያዛት የምትሰፋው በሌላ በኩል ነው፤ ለምሳሌ በደቡብ ወደ ቱላ። በከተሞቻችን ዳር ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሳው በየባለቤቱ እየተሸነሸነ ቤት ይሠራበታል። ሸንሻኙ የሚተወው መግቢያ ብቻ ነው። ያንን መግቢያ ከጎረቤት ማሳ መንገድ ጋር ማጋጠም የማንም ሥራ አይደለም። ቀጥሎ አጥር ይታጠራል፣ መብራት ይገባል። ያኔ መንገድ እንቅደድ ቢባል ቤት ማፍረስና ካሳ ይከተላል። እናም ኮብልስቶኑ በዚያው በጠመመው መስመር ላይ ይነጠፋል። እንደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ያሉ ትልልቅ ግቢዎችም መንገድ ያስዞራሉ፤ እነሱ ግን አጥር ግድ ይላቸዋል።

አሜሪካ ውስጥ የአዳዲስ ሰፈሮች ትስስር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለረጅም ጊዜ ሲቀንስ ቆይቶ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወዲህ መሻሻል ጀምሯል። እዚያ ጫፉን የዘጉት ጸጥታ ፈልገው፣ ሆን ብለው ነው። የእኛን ማንም አላቀደውም።

ሀዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳርና መቀሌ በ2013 እ.ኤ.አ. ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር አንድ ሥራ ጀምረው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቤት ሳይቀድም 30 ሜትር ስፋት ያላቸውን ዋና መንገዶች በ1 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት መሬት ላይ ማስመር። እኔ በበኩሌ ከኮብልስቶን ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ያም ሆኖ በሁለቱ ዋና መንገዶች መካከል ያለው መሬት ለየሸንሻኙ ከተተወ፣ ባጃጁ «ውስጥ አልገባም» ብሎ አስፋልቱ ላይ ያወርድሃል።