የድልድይ ሥር መሸርሸር ምንድን ነው?

ድልድይ የሚወድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀና ብሎ ነው የሚያየው፤ ቅስቱን፣ ርዝመቱን፣ የብረቱን አገጣጠም ያደንቃል። እኔን የሚስበኝ ግን የድልድዩ እግር ነው። ድሬዳዋ ላይ ስላደግሁ ይመስለኛል። ከቀፊራ ገበያ ወደ ከዚራ ሰፈር ስሻገር የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ካገኘሁት ወደ አሸዋው እወርድና ምሰሶዎቹ መሬት የሚገቡበትን ቦታ አያለሁ። ባጃጁ፣ የጭነት መኪናው፣ ዘንቢል የተሸከመችው እናት ሁሉ በላይ በኩል ያልፋሉ፤ የሁሉም ደኅንነት የሚወሰነው ግን እዚህ ታች ነው።

የድልድይ ሥር መሸርሸር፣ መሐንዲሶች ስካወር የሚሉት፣ የሚፈስ ውሃ በምሰሶው ወይም ድልድዩ ከዳር ከተደገፈበት ግንብ ሥር ያለውን አሸዋ፣ ጠጠርና አፈር ጠርጎ ሲወስድ ነው። ድልድዩ አንድም ስንጥቅ ላይኖረው ይችላል። ሲሚንቶው ደህና ነው፣ ብረቱም ደህና ነው፤ የሄደው የቆመበት መሬት ነው። በዓለም ላይ በወንዝ ላይ የተሠሩ ድልድዮችን ከሚጥሉ ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ጎርፍ ምሰሶ ሲገጥመው ሁሉም ወደ ጎን አይሸሽም። ከፊሉ በምሰሶው ፊት ቁልቁል ወርዶ የወንዙን ወለል ይመታል፤ ከዚያም እንደ ገመድ እየተጠቀለለ በግራና በቀኝ ዞሮ ይሄዳል። ይህ ሽክርክሪት አሸዋውን እያነሳ ከምሰሶው ኋላ ይበትነዋል። ጉድጓዱ ከሁሉ የሚጠልቀው ውሃው ከሚመጣበት አቅጣጫ፣ በምሰሶው አፍንጫ ሥር ነው። ጥልቀቱም ከምሰሶው ስፋት ጋር ይሄዳል። በተለምዶ የሚሠራበት መመሪያ አፍንጫው ክብ የሆነና ከውሃው አቅጣጫ ጋር የተስተካከለ ምሰሶ ሥሩ እስከ ስፋቱ 2.4 እጥፍ ሊቆፈር እንደሚችል ያስቀምጣል፤ ውሃው በጣም ከፈጠነ ደግሞ እስከ 3 እጥፍ። 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ምሰሶ ማለት እንግዲህ በአንድ ሌሊት ከ3.5 ሜትር በላይ አሸዋ ከሥሩ ሊያጣ ይችላል። ምሰሶው ለውሃው አግድም ከቆመ ይብሳል።

ይህ እንግዲህ አንድ ምሰሶ በራሱ ላይ የሚያመጣው ነው። ድልድዩ ወንዙን ካጠበበው ውሃው በጠባቡ በር ለማለፍ ይፈጥንና የወንዙን ወለል በሙሉ ዝቅ ያደርጋል። ሰውም የራሱን ይጨምራል፤ ለግንባታ የሚሆን አሸዋ ከድልድይ አጠገብ ሲዛቅ ወለሉ ከጎርፉ በፊት ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። ፖርቱጋል ውስጥ በዶውሮ ወንዝ ላይ የነበረው የሂንትዘ ሪቤይሮ ድልድይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2001 ሲደረመስ 59 ሰዎች ሞቱ። ድልድዩ ከ100 ዓመት በላይ አገልግሏል። ለዓመታት ከወንዙ ሲወጣ የኖረው አሸዋ የምሰሶውን ሥር እንዳራቆተው ተረጋግጧል። ስለዚህ ከምሰሶ ጥግ አካፋና መኪና ባየሁ ቁጥር ዝም ብዬ ማለፍ ይከብደኛል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የዚህ ነገር ክፋትም እዚያው ላይ ነው። ጉድጓዱ ከሁሉ የሚጠልቀው ጎርፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሊጠጋው በማይችልበት ሰዓት ነው። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ይዞት የመጣውን አሸዋና ደለል እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይጥላል። ጠዋት ሄዶ ያየ ሰው ሜዳ የሆነ አሸዋ ያገኛል፤ ምንም አልሆነም ብሎ ይመለሳል። አዲሱ ሙሌት ግን ልል ስለሆነ በሚቀጥለው ጎርፍ መጀመሪያ ላይ ይነሳል።

ደቻቱን የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ይገባዋል። ወንዙ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይመላለስበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ ግን የሚዘንበው ከከተማው በስተደቡብ ባለው የሐረርጌ ደጋ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ለሐምሌ 30 አጥቢያ የመጣው ጎርፍ ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ነፍስ አጠፋ። ያን ያህል ጉልበት ያለው ውሃ ሲያልፍ በአሸዋው ሥር ምን እንደሚሠራ ማሰብ ብቻ ይበቃል።

መከላከያው የታወቀ ነው። አንደኛውና አስተማማኙ መሠረቱን ጎርፍ ሊደርስበት ከሚችለው ጥልቀት በታች ማውረድ፣ ከተቻለም አለት ላይ ማሳረፍ ነው። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ ተሠርቶ እስካሁን ሰው ይሻገርበታል፤ የተሠራው ዓባይ በጠበበበት የአለት ገደል ላይ ነው። የጥንቱ ግንበኛ ቦታ መምረጡ ትልቅ ጥበብ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ግን ምርጫው የለም፤ ከተማው ባለበት መሻገር ግድ ነው፤ ስለዚህ ጥልቅ መሠረት ያስፈልጋል። በምሰሶ ዙሪያ የሚደረደር ትልልቅ ድንጋይና ጋቢዮንም (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይረዳል፤ ግን ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። በኒው ዮርክ ግዛት የስኮሃሪ ክሪክ ድልድይ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1987 ወድቆ 10 ሰዎች የሞቱት፣ መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ከመሆኑ ሌላ በዙሪያው የነበረው ድንጋይ በቀደሙ ጎርፎች ተጠርጎ ሳይተካ በመቅረቱ ነው።

የተሸፈነውን ጉድጓድ ለመለካት ደግሞ እንደ ደቻቱ ላለ አሸዋማ ወንዝ የተመቸ ርካሽ ዘዴ አለ። በበጋ በምሰሶው አፍንጫ ፊት ጉድጓድ ተቆፍሮ የብረት ሰንሰለት ቀጥ ተደርጎ ይቀበራል፤ የታችኛው ጫፉ በደንብ ይታሰራል። ጎርፉ አሸዋውን ሲወስድ የተጋለጠው የሰንሰለቱ ክፍል ተዘርሮ ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛል፤ አሸዋው ተመልሶ ሲሞላም እንደተኛ ይቀበራል። ክረምቱ ሲያልፍ ቆፍሮ ሰንሰለቱ የታጠፈበትን ቦታ መለካት ነው፤ ያ ልክ ውሃው የቆፈረበት ጥልቀት ነው። ልኩ ከመሠረቱ ንድፍ ጋር ሲተያይ ምሰሶው በመሬት ውስጥ ምን ያህል እንደቀረው ይታወቃል፤ በየክረምቱ ከተደጋገመም የትኛው ምሰሶ ቀድሞ ድንጋይ እንደሚያስፈልገው ለከተማው ይነግረዋል።