«ኢንዲቪጁዋል ማንዴት» ምንድን ነው? ኮንግረስን ለዓመታት ያባላው የኢንሹራንስ ግዴታ

2017 መጀመሪያ፣ የታክስ ሰሞን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ዘመዴን ይዤ ታክስ የምትሠራልን ልጅ ጋ ሄድን። ወረቀቶቹን አገላብጣ አየችና «ወንድሜ፣ ዓመቱን ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረህ?» አለችው።

«የመኪና?»

«የጤና።»

«አይ፣ እኔ እኮ አልታመምኩም።»

«እንግዲያው 695 ዶላር ቅጣት አለብህ። ከሪፈንድህ፣ ከሚመለስልህ ታክስ ላይ ይቆረጣል።»

«ባለመታመሜ ነው የምቀጣው?»

እስከ ቤቱ ድረስ መኪና ውስጥ ይቺኑ ጥያቄ ሲደጋግማት ነበር። እኔም ሳቅኩበት እንጂ መልስ አልሰጠሁትም፤ ምክንያቱም ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የኮንግረስ ሰዎችን ወንበር ያሳጣ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ሁለት ጊዜ ያስቸገረ ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦባማ ማርች 23 ቀን 2010 የፈረሙት ሕግ፣ እኛ ኦባማ ኬር የምንለው፣ ከተወሰኑ ሰዎች በቀር አሜሪካ የሚኖር ሰው ሁሉ የጤና ኢንሹራንስ ይኑረው ይላል። ከሥራ ቦታው፣ ከሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን መድን)፣ ከሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው) ወይም ራሱ ገዝቶ። ከሌለው በታክሱ ላይ ይቀጣ ነበር። ይህ ግዴታ ነው «ኢንዲቪጁዋል ማንዴት» የሚባለው። ቅጣቱ 2014 ላይ በ95 ዶላር ጀመረ፤ 2015 ላይ 325፣ 2016 ላይ ደግሞ 695 ዶላር ወይም ታክስ ማስገባት ከሚያስገድደው መነሻ በላይ ካለው ገቢ 2.5 በመቶ ሆነ፤ ከሁለቱ የበለጠው ይከፈላል። ዘመዴ በዓመት 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር የሚያገኘው። በመቶኛው ቢሰላ 500 እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ 695ቱ ወደቀበት። ሕጉ አስፈራሪ ይመስላል እንጂ ጥርሱ ያን ያህል አልነበረም። ታክስ ሰብሳቢው ከሪፈንድ ላይ መቁረጥ ይችል ነበር፤ ደሞዝና ንብረት መያዝ፣ በወንጀል መክሰስ ግን ተከልክሏል። ደግሞም አብዛኛው አሜሪካዊ ከሥራው ወይም ከመንግሥት ኢንሹራንስ ስላለው ግዴታው መኖሩን ያወቀው ቅጹ ላይ ያለችውን ሳጥን ምልክት ሲያደርግ ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን አስፈለገ?

በእድር ልንገራችሁ። እድር የሚሠራው ሰው ሁሉ ደህና እያለ ስለሚከፍል ነው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይዋጣል፤ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይወጣል፣ ብሩ ይሰጣል። «አሁን ምን አስቸኮለኝ፣ እናቴ ስታጣጥር መጥቼ እመዘገባለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ የትኛው የእድር ዳኛ ይቀበለዋል? አሁን ግን መንግሥት መጥቶ «ማንንም መመለስ አይቻልም፣ አስከሬን ቤት ውስጥ እያለም ቢሆን መዝግቡ፣ ክፍያውም ከሌላው እኩል ይሁን» አለ እንበል። ደግ ነው። ግን በሚቀጥለው ወር ማን ይከፍላል? ቤቱ በሽተኛ ያለበት ብቻ። ገንዘብ ያዡ ሳጥኑን ሲከፍት ባዶ ነው። መዋጮው ይጨምራል፤ ሲጨምር ጤነኛው ይወጣል፤ ጤነኛው ሲወጣ እንደገና ይጨምራል። የኢንሹራንስ ሰዎች ይህን የሞት አዙሪት ይሉታል።

ከ2014 በፊት የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይህን አዙሪት የሚያመልጡት በጭካኔ ነበር። ራስህ ልትገዛ ስትሄድ ቅጽ ይሰጡሃል፤ ስኳር አለብህ? ደም ግፊት? ካንሰር ነበረብህ? አለ ካልክ ወይ አይሸጡልህም፣ ወይ ዋጋው የሚቀመስ አይሆንም። አዲሱ ሕግ ይህን በአብዛኛው ስቴት የተለመደ አሠራር ከለከለ። ከዚያ ግን የእድሩ ችግር ይመጣል፤ ሳይታመም ማን ይገዛል? ስለዚህ ግዴታ መጣ። ሰው ካልቻለ ደግሞ እንዴት ታስገድደዋለህ? ስለዚህ ድጎማ መጣ። ሦስት ጉልቻ በሉት። አንደኛዋ በሽተኛ አይመለስ፣ ሁለተኛዋ ሁሉም ይግዛ፣ ሦስተኛዋ ለማይችለው መንግሥት ይክፈልለት። ድስቱ በሦስቱ ላይ ይቀመጣል ተባለ።

ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡን በአንደኛዋ ጉልቻ ብትጠይቀው ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም በብዛት ይወዳታል። ሁለተኛዋን ብትጠይቀው ይጠላታል፣ እንደ ዘመዴ። የኮንግረስ አባል ግን ጉልቻ መርጦ ድምፅ አይሰጥም። ሕጉ ሙሉ ድስት ሆኖ ይቀርብለታል፤ ወይ አዎ፣ ወይ አይ። «የመረጠህ ሕዝብ የሚለውን አድርግ» ማለት በአፍ ቀላል ነው። ሕዝቡ አንዱን ወዶ ሌላውን ሲጠላ፣ የሚወደው ደግሞ በሚጠላው ላይ ቆሞ ከሆነ፣ የቱን ይስማ?

2009 ኦገስት ላይ እንደራሴዎቹ ለዕረፍት ወደየወረዳቸው ሲመለሱ የገጠማቸው ጩኸት እስከ ዛሬ ይወራል። በስብሰባ አዳራሾች ሰው ቆሞ ይጮህ ነበር፤ ገሚሱ ሕጉን በመፍራት፣ ገሚሱ ሕጉ ውስጥ የሌለ ነገር በመፍራት። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ እንደራሴ ቦብ ኢንግሊስን «መንግሥት እጁን ከሜዲኬሬ ላይ ያንሳ» እንዳለው ኢንግሊስ ራሱ ተናግሯል። ሜዲኬር እኮ የመንግሥት ነው! ሰውየውን ግን ለማስረዳት ቢሞክርም አልሆነለትም። ኢንግሊስ ሪፐብሊካን ነው፤ ተቃዋሚው ወገን ሆኖም ከጩኸቱ አላመለጠም።

ሴኔት 2009 በገና ዋዜማ 60 ለ39 አሳለፈው። የተወካዮች ምክር ቤቱ ማርች 21 ቀን 2010 ላይ 219 ለ212። አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈም፤ 34 ዴሞክራቶችም ተቃወሙ። እንግዲህ ቨርጂኒያ ውስጥ የሆነውን እዩ፤ ለእኔ ከፖለቲካ መጽሐፍ ሁሉ ይበልጣል። ቶም ፔሪዬሎ የሚባል ወጣት ዴሞክራት ወረዳው እንደማይወድለት እያወቀ አዎ አለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ወንበሩን አጣ። የደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያው ሪክ ባውቸር ደግሞ 28 ዓመት ሙሉ የቆየ ሰው ነው፤ እሱ አይ አለ። በዚያው ቀን እሱም ወንበሩን አጣ። (የከሰል ማዕድን አገር ስለሆነ ሕዝቡ ለአየር ንብረት ሕግ ረቂቅ በሰጠው ድምፅ ቂም ይዞበት ነበር።) ዴሞክራቶች በዚያ ምርጫ 63 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ አጡ። አዎ ያለውም አይ ያለውም ከተባረረ፣ ቢያንስ የሚያምንበትን ብሎ መባረር አይሻልም? እኔ በበኩሌ ለፔሪዬሎ አላዝንም።

ይበልጥ የሚገርመው ይህ የተጠላ ግዴታ ከየት እንደመጣ ነው። 1989 ላይ ሐሳቡን ያቀረበው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን የተባለው የወግ አጥባቂዎች ተቋም ነው። 1993 ላይ የፕሬዚዳንት ክሊንተንን የጤና እቅድ ለመቃወም ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ቼፊ ባቀረቡት ረቂቅ ውስጥ ነበረ። 2006 ላይ ሚት ሮምኒ የማሳቹሴትስ ገዥ ሆነው ፈረሙበት። ክርክራቸው «ሰው ራሱን ይቻል፣ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ሒሳቡን በእኛ ላይ አይጣል» የሚል ነበር። ኦባማ በበኩላቸው 2008 ላይ ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ሲፎካከሩ ግዴታውን ተቃውመው፣ በግዴታ ከሆነማ ቤት የሌለው ሁሉ ቤት ይግዛ ብሎ ማወጅ ነው ብለው አፊዘውበት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረሙት። ሪፐብሊካኖቹም በተራቸው የነፃነት ጠላት አሉት። ሐሳቡ እዚያው ነው ያለው፤ ሰዎቹ ናቸው ወንበር የተቀያየሩት።

ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ነገሩ አትክልት ውስጥ ገባ። 2012 ላይ ዳኛ ስካሊያ ሁሉም ሰው መቼም ምግብ መግዛቱ አይቀርም፣ ታዲያ መንግሥት ብሮኮሊ የሚባለውን አትክልት ግዙ ብሎ ሊያስገድድ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ዋና ዳኛው ሮበርትስ ነገሩን በሌላ በኩል ዞሩት። ኮንግረስ ሰውን ዕቃ ግዛ ብሎ ማዘዝ አይችልም፤ ያልገዛን ታክስ ማስከፈል ግን ይችላል አሉ። 5 ለ4 ጸደቀ። ቀልዱ ምን መሰላችሁ፣ ኦባማ 2009 ላይ በቴሌቪዥን «ይሄ እኮ ታክስ ነው» ሲባሉ በፍጹም ብለው ክደው ነበር። ሕጉን ያዳነው እሳቸው የካዱት ቃል ነው።

ከዚያ 2017 መጣ፤ የእኛ ዘመድ በተቀጣበት ዓመት ማለት ነው። ጁላይ 28 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሴኔት የቀረበችው አነስተኛ ረቂቅ ዋና ሥራዋ ይህንኑ ቅጣት ማንሳት ነበር። የአሪዞናው ሪፐብሊካን ሴናተር ጆን ማኬይን የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው የታወቀ ሰሞን ነው፤ ወደ ፊት መጡና አውራ ጣታቸውን ወደ ታች ደፉ። ከሪፐብሊካኖቹ ሴናተሮች ከሱዛን ኮሊንስና ከሊሳ መርካውስኪ፣ ከዴሞክራቶቹም ጋር ሆነው 51 ለ49 ጣሏት። ሁሉም ያቺን ጣት ያስታውሳል። አምስት ወር ሳይሞላ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አያስታውስም። ዲሴምበር ላይ በወጣው የታክስ ቅነሳ ሕግ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ገባች፣ ቅጣቱ ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ዶላር ይሁን የምትል። ኮሊንስም መርካውስኪም ለዚያ ሕግ አዎ አሉ፤ ማኬይን ታመው አሪዞና ስለነበሩ በመጨረሻው ድምፅ ላይ አልነበሩም። ለምን ታክስ ሕግ ውስጥ ገባ? የኮንግረስ የበጀት ቢሮ፣ ሰው ካልተገደደ ብዙዎች ኢንሹራንሱን ይተዋሉ፣ ድጎማውም ይቀራል፣ በዐሥር ዓመት 338 ቢሊዮን ዶላር ይተርፋል ብሎ ስላሰላ ነው። ያ ገንዘብ ለታክስ ቅነሳው ማሟያ ተፈለገ። ያ ሁሉ ስለ ነፃነት የተጮኸው ጩኸት በሒሳብ አለቀ።

ስለዚህ ዛሬ ግዴታው በሕግ ደረጃ አለ፤ ቅጣቱ ዜሮ ነው። ያልመጣ ይቀጣል ብሎ መዝገብ ላይ ጽፎ የቅጣቱን መጠን ባዶ እንደተወ እድር ማለት ነው። 2021 ላይ ቴክሳስና ሌሎች ስቴቶች ቅጣቱ ዜሮ ከሆነ ሕጉ ሁሉ ይፍረስ ብለው ሲመጡ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዜሮ ዶላር ማንን ጎዳ ብሎ 7 ለ2 መለሳቸው።

ድስቱስ ወደቀ? አልወደቀም። እዚህ ላይ የሁለቱም ወገን ጠበብት ትንሽ ሊያፍሩ ይገባል ባይ ነኝ። አንዷ ጉልቻ ተነስታ ገበያው ቆመ። 2020 ላይ በኦባማ ኬር ገበያ የተመዘገበው 11 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ 2025 ላይ ከ24 ሚሊዮን በላይ ደረሰ፣ ያለ አንድ ዶላር የፌዴራል ቅጣት። ምክንያቱ ሦስተኛዋ ጉልቻ ናት። 2021 ላይ ድጎማው ሰፋ፤ አንዳንዱ ሰው በወር ምንም ሳይከፍል መያዝ ቻለ። ሰውን የሳበው ርካሽ ዋጋ ነው፤ ዱላው ያን ያህል ሥራ አልነበረውም። ዘመዴም ያኔ ቢሆን ግዴታውን ጠልቶ አልነበረም ያልገዛው። ርካሹ ፕላን እንኳ በዓመት ከቅጣቱ በላይ ይወጣ ነበር፣ በዚያ ላይ ዲዳክቲብሉ፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪስህ የሚወጣው፣ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ሒሳብ ሠርቶ ቅጣቱን መረጠ። የተስፋፋው ድጎማ በ2025 መጨረሻ እንዲያበቃ ሆኖ ነበርና፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ይራዘም አይራዘም በሚል ጠብ የአሜሪካ መንግሥት 43 ቀን ተዘጋ። በዚያ ሁሉ ክርክር ስለ ግዴታው ብዙም የተነሳ ነገር አልነበረም።

አገር ቤትም ይቺው ጥያቄ አለች። በ2010 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ደሞዝተኛውን 3 በመቶ፣ ቀጣሪውንም 3 በመቶ በግዴታ ያስከፍላል ተብሎ ነበር፤ ሠራተኛው «ሐኪም ቤቱ መድኃኒት ሳይኖረው ምን ብዬ ነው የምከፍለው» ብሎ አጉረመረመና ሥራ ላይ መዋሉ በተደጋጋሚ ተገፋ። ቅሬታው ከዘመዴ ቅሬታ ብዙም አይርቅም።

ወደ እሱ ልመለስ። ፌዴራሉ ቅጣቱን ዜሮ ሲያደርግ «ተገላገልኩ» አለኝ። አልተገላገለም። ማሳቹሴትስ ድሮውንም የራሷ ነበራት፤ ኒው ጀርሲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሮድ አይላንድና ዲሲም የየራሳቸውን አወጡ። የዲሲው ከ2019 ጀምሮ ነው፣ ቅርጹም ከፌዴራሉ የተቀዳ። እናም ያቺው ታክስ ሠሪ በየዓመቱ «ዓመቱን ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረህ?» ትለዋለች። ከእሱ ጋር አንድ ተርታ ቆሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ጓደኛው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፤ ቨርጂኒያ የራሷ ቅጣት ስለሌላት እሱን አትጠይቀውም።

«የኮንግረስ ሰውህ ጋ ደውለህ ተቆጣ» አለው ጓደኛው አንድ ቀን።

«የቱ ሰው?» አለ ዘመዴ። የዲሲ ነዋሪ ሴናተር የለውም። የተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት ተወካይም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ መስጠት አትችልም።